ጌትን ያስተማርኩበት ሳምንት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። አንዷ ተማሪዬ ወሎ ሰፈር ሆቴል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ልጅ ነበረች። ወደ ሪሴፕሽን ለመዛወር ዓርብ ፈተና አለባት። ሁሉም ነገር ቶሎ ይገባታል፤ ያስቸገራት ጌት የሚባለው ግስ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ ግስ ሥራ አይመርጥም እንዴ?» አለችኝ ሰኞ ዕለት። እውነቷን ነው። ማግኘት ቢሉ ጌት፣ መድረስ ቢሉ ጌት፣ መረዳት ቢሉ ጌት፤ ከአልጋ ሲነሱም፣ ከታክሲ ሲወርዱም እሱው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬው ዛሬም ያናድደኛል። «አትመራመሪ፣ ዓረፍተ ነገር እየሠራሽ ልመጂው» አልኳት።

ማክሰኞ ጠዋት ወንድሟ በሬን አንኳኳ። «እናታችን ደሴ ሆስፒታል ገብታለች፤ ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም ብለዋል» አለኝ ቆሞ። «እህቴ እንዳትሰማ አደራ። ከሰማች ፈተናውን ጥላ ትሄዳለች። ዓርብ እንደጨረሰች እኔው ይዣት እሄዳለሁ። የእናታችን ስልክ ተበላሽቷል ብያታለሁ።»

ምን ልበል? እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤት ያውቃል፣ የሥራ ባልደረባ ያውቃል፣ ባለጉዳዩ ግን ምንም ሳያውቅ ይስቃል። እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። «እሺ» አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ረቡዕ ዓረፍተ ነገሮቿን ጽፋ መጣችና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። በመጀመሪያ ደሞዟ ለእናቷ አዲስ ስልክ ትገዛለች። ኢንሻአላህ ለዒድ አገሯ ትገባለች። እናቷ ስታያት ደስ ይላታል። ሁሉንም በጌት ጽፋዋለች፣ አንድም ስህተት የለበትም። ራይት ያደረግኩላት ሁለት ጊዜ ከጠራችኝ በኋላ ነው።

«ቲቸር፣ አሞዎታል እንዴ?» ብላ ደንግጣ ውሃ ቀዳችልኝ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። እናቷ በሕይወት ነበረች። ሐሙስ ማለዳ አውቶቡስ ብትሳፈር ማታ ደሴ ትገባ ነበር። እኔ ግን «ደም ግፊቴ ነው» አልኳትና ወደሚቀጥለው ገጽ ገለበጥኩ።

እናትየው ዓርብ ረፋድ ላይ አረፈች። ያኔ ልጅቷ ፈተና ላይ ነበረች። መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ተነገራት። እኔም ከጎረቤቶቿ ጋር በሯ ላይ ቆሜ ነበር። ያ ጩኸቷ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ከደሴ ስትመለስ ልታየኝ መጣች። ከስታለች። ፈተናውን አልፋለች።

«እስከ መጨረሻው ስሜን ስትጠራ ነበር አሉ» አለችኝ። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።» መዋሸቱ በቃኝ። «ለፈተናሽ ብለን ነው፤ ዕድሉ እንዳያመልጥሽ ብለን።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ ፈተናው እኮ በየሦስት ወሩ ይሰጣል» አለችኝ።