በአመድ ላይ የተሠራ አገር

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን መቀሌን ይዞ ከመሸ በኋላ ደጅ መውጣት በከለከለበት ዘመን፣ ምሽታችን የኣቦሓጎ ነበር። ኣቦሓጎ የምንላቸው የእናቴን አባት ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግመል እየነዱ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ሲያመጡ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው መንገዱን ለአባቴ የለቀቁ ሰው። አባቴ ያኔ ጨው ሊያመጣ እንደወረደ ዘግይቶብናል። እናቴ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። እኔ ደግሞ «አባዬ የት ደረሰ?» እያልኩ ሰው አላስቀምጥ አልኩ።

ኣቦሓጎ ሊያባብሉኝ ከምድጃው አመድ ዝቀው ወለሉ ላይ ዘረጉና በጣታቸው አገር ይሠሩ ጀመር። የትም የሌለ አገር ነው። ቆንጥረው የበተኑት ጨው የጨው ሜዳ፣ የጠፋ ከሰል ተራራ፣ አንዲት የገብስ ፍሬ አባቴ ሆነች። በዚያ አገር አባቴ በየምሽቱ ወደ ቤቱ ይጓዛል። የኩራዙ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ አፍንጫዬ አመዱን ሊነካ እስኪደርስ አጎነብስ ነበር።

ታዲያ ተረት ነው ተብሎ እንዳሻ መሆን የለም! ኣቦሓጎ በሌለ አገር ውስጥ እንኳ አንዲት ውሸት አይፈቅዱም። ለአባቴ የሚጠለልበት ዛፍ ስለምናቸው «ሥሩ ምን ጠጥቶ?» ይሉኛል። መንደር ስቆረቁር «ከብቱ የት ወርዶ ሊጠጣ?» ብለው ይደመስሱብኛል። እናቴ ጥግ ይዛ ጥጥ እየፈተለች «ላም አለኝ በሰማይ!» ትልና ትስቅብናለች። ጆሮዋ ግን ከእኛው ጋር ነበር።

አንድ ምሽት፣ አባዬ ጠምቶታል ብዬ ወንዝ ለመንኩ።

«ወንዝ ያለ ተራራ አይመጣም፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«ተራራ ይሁንለት!»

ከሰሉን አኖሩና ከሥሩ እስከ ጨው ሜዳው ግራና ቀኙ ገደል የሆነ የወንዝ መንገድ ጫሩ። በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ቢቆፍሩት ግን ውሃ አይጠፋውም አሉኝ። እኔም ደክሞታል ብዬ ገብሷን በሁለቱ ገደሎች መካከል፣ ነፋስ በማይደርስበት አሸዋ ላይ አስተኛኋት።

«እዚያስ አይደለም» አሉ ኣቦሓጎ። «አንሺው።»

«ለምን? ሰማዩ ጠርቷል እኮ።»

«እሱ ያለበት ጠርቷል» አሉና ከሰሉን ዐዩት።

እኔም ዐየሁት። የአገሩን ሕግ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ፤ ጮክ ብዬ አሰብኩ። «ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃው በዚህ ይወርዳል። አባዬ ደግሞ ተኝቷል።»

ተረት ነው፣ አይወርድም ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ዕንባቸው አመዱ ላይ ጠብ አለ።

እንዝርቱ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። እናቴ «ኣቦይ?» ብላ ጠራቻቸው። ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም፤ ያኔ ጮኸች።

ለካ ከአባቴ ጋር የወረዱት ሰዎች ተመልሰው ነበር። እሱን ግን ደረቅ ወንዝ ውስጥ እንደተኛ ጎርፍ ወስዶታል። እርጉዝ ናት፣ እስክትገላገል መርዶው ይቆይ ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞ ኖሯል። ሽማግሌዎች ማልደው፣ አጽናኝ ሰብስበው የሚያረዷትን፣ እኔ በአመድ ላይ አረዳኋት። ወንድሜም በለቅሶ መካከል ተወለደ።

በማግሥቱ ገብሷን ከአመዱ ውስጥ ፈልጌ አጣኋት። ኣቦሓጎም ሌላ አገር አልሠሩም፣ እኔም አልለመንኳቸውም። ዛሬ በእርጅናዬ፣ ሰው ሁሉ «ዛሬስ ሰማዩ እንዴት ጠራ!» ብሎ ሲደሰት፣ እኔ አስቀድሜ ዞር ብዬ ተራራውን አያለሁ።