ከምን የመጣ ነው?

በቆዳ ክሊኒካችን «እትዬ ከምን» የምንላቸው ሴት አሉ። ሥራቸው ሐኪም የጻፈውን አይተው ለኢንሹራንስ የሚላከውን የበሽታ ኮድ መምረጥ ነው። ካርዱ ላይ «ሽፍታ» ብቻ ከተጻፈ አንጠልጥለውት ሐኪሙ ክፍል ይሄዳሉ። «የት ላይ? ከምን የመጣ?» ሳይሉ አይመለሱም። ሐኪሞቹ ኮቴያቸውን ሲሰሙ ይሳሳቃሉ። እኔም ከጎናቸው ካርድ ስመዘግብ ስንቴ ስቄባቸዋለሁ፤ አሁን አፍራለሁ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «መንስኤው ያልታወቀ የሚለውን ኮድ ለሁሉም ስጡና ሥራው ይፍጠን» አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ኢንሹራንሱ ያን ኮድ ሲያይ ፋይሉን ይመልሳል፤ ሕመምተኛው ያለ መድኃኒት ይቀራል።

ከዚያ አንሶላ አጣቢያችን ለሕክምና መጣች። ስድስት ዓመት ሙሉ የኛኑ አንሶላ ያለ ጓንት በበረኪና ያጠበች ሴት ናት፤ እጇ ተልጦ ይደማል። ሐኪሙ «የእጅ ቁስለት» ብሎ ሞነጨረ። እትዬ ከምን ካርዱን ይዘው ተነሱ። ሲመለሱ «በሥራ ቦታ፣ ከበረኪና ንክኪ የመጣ» የሚል ቃል ከሐኪሙ ፊርማ ጋር ሰፍሮበታል፤ ኮዱን አስገቡ። በዚህ ኮድ ሕክምናዋም፣ እስክትድን ድረስ ደመወዟም ይሸፈናል። በ«ያልታወቀ» ግን ምንም የላትም።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ።

«ያልታወቀ ይበሉት፣ እትዬ። አሠሪዋ እኮ እኛ ነን፤ የምንጠየቀውም እኛ።»

«እኛው አቃጥለናት እኛው አናውቅም እንበል?»

አጣቢዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደበቀች። «ይተዉት እትዬ፣ ከሥራዬ እንዳልባረር» አለች። እኔ አቀርቅሬ ካርድ መመዝገቤን ቀጠልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? ይህን የተረተ ሰው መቼም እጁ ተልጦ አያውቅም።

እትዬ ከምን ወንበራቸውን ለቀቁለት። «በል ልጄ፣ ቁጭ በልና አንተው ቀይረው። ኮምፒውተሩ የቀየረውን ሰው ስም ይይዛል።»

ወንበሩን አየ፣ እኔን አየኝ። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ወጥቶ ሄደ። ኮዱም እንደተጻፈ ተላከ።

በማግስቱ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ካርቶን ጓንት ተቀምጦ አየሁ። ስድስት ዓመት! ለካ የሚሸጥበት ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነበር።