አንብቤ ያቀበልሁት ኖዝል

ስማቸው የሚባል አለቃዬ በሰው ፊት አዋርዶኛል። ፍኖተ ሰላም በሚገኝ ጋራዥ እሱ ዋና መካኒክ፣ እኔ ረዳቱ ነበርሁ። አንድ የገበያ ቀን ሹፌሮች ቆመው እያዩ የዕቃ ካርቶን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «እስቲ አንብብልን፣ የኔታ» አለኝ። ሳቁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሀን ከለ አልለይም።

የእሱን በደል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእኔን ግን ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። አንተ ይህን የምታነብ፣ ስማኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ቡሬ እየሄድሁ ከአንድ ዲያቆን ፊደል ቆጠርሁ። ለምን ቡሬ? የፍኖተ ሰላም ሰው እንዳያየኝ። በዓመቱ ማንበብ ቻልሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ምን አስቸኮለኝ? ጊዜ እጠብቅ ነበር።

ጊዜው መጣ። ከጅጋ በቆሎ የሚያመላልሱት አቶ አየነው ፒክአፓቸው ዳገት እምቢ ቢላቸው ቱርቦ የሚባለውን አየር መጭመቂያ አስገጠሙ። ሞተር አየር ሲጨመርለት ናፍታም ይጨመርለታል፤ ግን በልኩ ነው። ናፍታውን የሚረጨው ኖዝል ቀዳዳው ከፀጉር ይቀጥናል። ከልኩ ከሰፋ ፒስተን ያቀልጣል፤ በዓይን ደግሞ አይለይም። ስማቸው ሁለት ዓይነት አስመጥቶ፣ የትኛው እንደሚስማማ ሁለት ቀን ሲያሰላ ዋለ። በመጨረሻ አንዱ ካርቶን ላይ «ጠባቡ፣ ለአየነው»፣ ሌላው ላይ «ሰፊው፣ አይሆንም» ብሎ በእስክሪብቶ ጻፈ። መደርደሪያው ላይ ጠባቡን በግራ፣ ሰፊውን በቀኝ አኖራቸው።

በማግስቱ ለቅሶ ነበረበትና ይጣደፋል። ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ «ከመደርደሪያው የግራውን አቀብለኝ» አለኝ። ሄድሁ። ጠዋት አቧራ ስጠርግ ቦታቸውን አለዋውጬ ኖሯል፤ የግራው «አይሆንም» የሚለው ነው። አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። ሦስተኛም አነበብሁት። ከዚያ ካርቶኑን እዚያው ትቼ ኖዝሎቹን ብቻ ይዤ ሄድሁና አቀበልሁት።

የታዘዝሁትን ነው ያመጣሁ ልበል? ታዲያ ካርቶኑን ለምን ተውሁት?

ሞተሩ ሲነሣ ጥቁር ጭስ ተፋ። ስማቸው ሰዓቱን አየና «ቀብሩ ሊያመልጠኝ ነው፤ ፖምፓው ናፍታ አብዝቶ ነው፤ ነገ አስተካክለዋለሁ። ለዛሬ እንዳይጭኑባት፣ ጋሼ» አላቸው። አቶ አየነው ግን በዚያው ቀን ሊያደርሱ የተቀጠሩበት በቆሎ ነበረና ጭነው ወደ ቡሬ ነዱ። ዳገቱ ላይ ፒስተኑ ቀለጠ። እንጀራቸው ያችው መኪና ነበረች። እንደቆመች ሸጧት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ባዶው ካርቶን «አይሆንም» የሚለው ሆኖ ተገኘ። ማን አቀበለህ ቢሉት ስማቸው «እሱን ተዉት፣ አባቶቼ። ማንበብ አይችልም። ሳላይ የገጠምሁ እኔ ነኝ» አለ።

አንዱ ሽማግሌ «ይኸማ ምን ያውቃል፤ የራሱን ጫማ አቀብል ቢሉት ያቀብላል» አሉ። ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሰደበኝ አፍ ሲሟገትልኝ እኔ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ ለስማቸው ሞተር አምኖ የሚሰጥ ጠፋ። መራዊ ሄዶ የጋሪ ጎማ ይለጥፍ ጀመር። ቦታውን ማን ያዘ? እኔ። በእሱ ቁልፍ፣ በእሱ መደርደሪያ፣ እኔ። አራት ዓመት ሙሉ ካርቶን ባየሁ ቁጥር ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዞረው ነበር።

ዘንድሮ ሽማግሌ ይዤ መራዊ ሄድሁና፣ ድንጋይ ተሸክሜ ስማቸው ደጅ ቆምሁ። «ያን ጊዜ ማንበብ እችል ነበር» አልሁት።

«ታዲያ ጽሑፉን አይተኸዋል?»

«የግራውን ስትለኝ የግራውን አነሣሁ። ልብ አላልሁትም» አልሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ዋሸሁ። ለመዋሸት ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሁ?

«እንግዲያ የሁለታችንም ጥፋት ነው» አለ ስማቸው። «እኔም ባላፌዝብህ ማንበብህን አትደብቀኝም ነበር።» ድንጋዩን በገዛ እጁ ከትከሻዬ አወረደው።

ይቅር ያለው ልብ ያላለውን ሰው ነው። ያ ሰው እኔ አይደለሁም። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ተናድጄ ነው አልልህም፤ ዓመት ሙሉ የቆየ ንዴት አይባልም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ይቅር ማለቱ የአንተ አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ አለቀ ብለው መርቀውን ተነሡ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነበር፤ ሰኔ ፲፫ ቀን።