አባቴ ያላሰሩት ከረባት

በዚያ ቅዳሜ ከበዴሳ ወጣ ብሎ ባለው የአባቴ ደጅ፣ ጉታራ በምንለው ከቤት ፊት ያለ መስክ ላይ፣ ስምንት ሰዎች ነበርን። አባቴ፤ ከእርሳቸው ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር የተቀመጡ አራት እንግዶቻቸው፤ እኅቴ፤ የእኅቴ ባል፤ እኔ። ከእንግዶቹ አንደኛው ጡረታ የወጡ ወንጌላዊ ናቸው። ሁለተኛው የበዴሳ እህል ነጋዴ ሲሆኑ፣ አያታቸው ከሰሜን የመጡ ቢሆንም ወላይትኛው ከእኔ ይልቅ ለእርሳቸው የታዘዘ ነው። ሦስተኛው የአባቴን ጋቢ ሁሉ የሠሩ ጎረቤት ሸማኔ፣ አራተኛው ከዲምቱ በሞተር ተጭነው የመጡ ከብት አርቢ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ብጽፍ በሕይወት ያሉት ይቀየሙኛል፤ የሞቱት ደግሞ ለመቀየም እንኳ ዕድል የላቸውም።

የተሰበሰብነው በአባቴ ጥሪ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰው ልከው «ካሜራህን ይዘህ ና» አሉኝ። ስደርስ ነገሩን ሳያለዝቡ ነገሩኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶው በፍሬም ሆኖ ለቅሶው ላይ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ አልቃሹ እርሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። አባቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያህል ሳይቀራቸው የነበራቸው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው፣ ሐምራዊ ማኅተም የአገጫቸውን ግማሽ የሸፈነው።

«ማኅተም ይዘው እንዲያለቅሱልኝ አልፈልግም» አሉኝ። «ጋቢዬን ለብሼ፣ በጉታራዬ ላይ፣ ራሴን የምመስል አድርገህ አንሣኝ።»

ከአባቴ ብዙ ትእዛዝ ተቀብያለሁ። ከዚህ ይልቅ ግልጽ የሆነ አደራ ግን አልተቀበልኩም።

ካሜራዬ ባትሪ የማይፈልግ አሮጌ ባለ ፊልም ነው። ሶዶ ውስጥ ታሪክ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አብሮኝ ኖሯል። በዚያን ጊዜ የከተማው ፎቶ ቤቶች ተራ በተራ ወደ ዲጂታል ይገቡ ነበር። ፊልሙን የሰጠኝ ባለ ፎቶ ቤትም የጨለማ ክፍሉን ግድግዳ አፍርሶ በቦታው ኮምፒዩተር አቁሟል። ከመሳቢያው ሥር አንድ ጥቁርና ነጭ፣ ባለ ሠላሳ ስድስት፣ ጊዜው ያለፈበት ጥቅል አወጣልኝና፣ «መምህር፣ የመጨረሻው ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ፊልም ብለው ከመጡ ወደ ሲኒማ ቤት ነው የምልክዎት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዕቃውን እንደ እንቁላል በእጄ ላይ እየተጠነቀቅሁት ከሱቁ ወጣሁ።

ሥራዬን ከአባቴ ልጀምር ፈልጌ ነበር። እንቢ አሉ። በደጃቸው እንግዳ ተቀምጦ ባለቤት ቀድሞ አይጎርስም፤ ስለዚህ ቀድሞ ፎቶ ሊነሣም አይችልም። «መጀመሪያ እንግዶቼ» አሉ፤ ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ወንጌላዊውን ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው፤ ነጋዴውን ሦስት ጊዜ፤ ሸማኔውን ሦስት ጊዜ፤ ከብት አርቢውን ሦስት ጊዜ። አባቴ እያንዳንዳቸው ከመነሣታቸው በፊት ጠጋ እያሉ የአንዱን ኮሌታ ያቃናሉ፣ የሌላውን ጋቢ በትከሻው ላይ ያደላድላሉ። «ዞር ይበሉልኝ» እላለሁ። «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ይላሉ።

«መምህር፣ ይሄ ዕቃ ደርግን ያውቃል?» አሉኝ ነጋዴው።

«ንጉሡንም ያውቃል።»

«እንግዲያው አክብረው። እኛንም ከእነሱ ጋር እንዳያደባልቀን።»

ከዚያ አምስቱን አንድ ላይ ሦስት ጊዜ፤ በመጨረሻም አባቴን ብቻቸውን ስድስት ጊዜ አነሣሁ። ሃያ አንድ። ስድስተኛውን ሳነሣ አባቴ ፊታቸውን ለካሜራ መስጠት ትተው ወደ ማሳቸው ይመለከቱ ነበር። የፈለጉት ፎቶ እንደ ተገኘ አውቅ ነበር፤ ፊልም የሚያነሣ ሰው ሳያይ ያውቃል፤ ማወቅ ግድ ስለሚሆንበት ነው።

የእኅቴ ባል ሶዶ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ዲጂታል ካሜራ ተውሶ መጥቷል። እኔ ለአንድ ምስል ብርሃኑን ስለካ እርሱ ሁለት ሦስት ያነሣል፤ አንሥቶም ወዲያው ይሮጥና ለሽማግሌዎቹ ያሳያል። አምስት ራሶች በአንዲት ትንሽ መስታወት ላይ ይደፋሉ።

«እዩት፣ እዩት! ጥርስ እንደሌለኝ እንኳ ለይቶ ያውቃል» አሉ ከብት አርቢው።

«እሱን ለማወቅ ካሜራ አያስፈልግም» አሏቸው ሸማኔው።

አባቴ በዚህ መሐል ከዘራቸውን ከቤት እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ካሜራዬን በወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ገባሁ። ከዘራውን ከበሩ ጀርባ ፈልጌ እስክመለስ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ስወጣ ካሜራው በአማቻችን እጅ ላይ ነው፤ ጀርባው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ውስጡን እየመታው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስክሪን የለውም!» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ተንኮል ቀርቶ ሐፍረት እንኳ አልነበረም። «ሽማግሌዎቹ የእርስዎንም ካላየን ብለው ነው። ከኋላ ብፈልግ የለም። ከላይ ይቺን ሳብ ሳደርጋት ተከፈተ። ውስጡ ደግሞ ባዶ ነው፤ ፕላስቲክ ብቻ።» ይህን እያለ በአውራ ጣቱ ፊልሙን ዳበስ አደረገው።

«ባዶ ነው?» አሉ ነጋዴው። «ታዲያ መምህር ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲያነሣ ኖረ?»

«እኛን ሲያስቀምጥ፣ ሲያስነሣ!» አሉ ከብት አርቢው፤ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ተሳቀ።

ካሜራውን ተቀብዬ ዘጋሁት። ከሳቁ ውጭ የነበሩት አባቴ ብቻ ናቸው። የሚያዩት ካሜራውን አልነበረም፤ ፊቴን ነው።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ።

«አይ፣ ምንም አልሆነም» አልኩ።

ይህ ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። አማች በሚስቱ አባት ደጅ ከእንግዳ ሁሉ በላይ እንግዳ ነው። ድምፅ አይነሣበትም፤ ጥፋቱ በሽማግሌ ፊት አይነገርም። ይህን ሥርዓት በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፣ አድጌም አክብሬዋለሁ። ነገር ግን ሥርዓት ብቻውን አያስረዳኝም። በፊልሙ ማኅደር ውስጥ ብርሃን ያልነካው የአሥራ አምስት ምስል ቦታ ቀርቶ ነበር። አባቴ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ጋቢያቸው በትከሻቸው፣ ከዘራቸው አሁን በእጃቸው። «እስቲ እንደገና ይቀመጡ፣ ከዘራው ይጨመርበት» ብል ማን ምን ይለኝ ነበር? ምክንያት እንኳ መፍጠር አያስፈልገኝም ነበር፤ ከዘራው ምክንያት ነው። እኔ ግን ከንፈሬን ነክሼ ፊልሙን ወደ ማኅደሩ አጠነጠንኩት። ደግሜ ብለምን የተሳቀብኝ ሳቅ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ጨዋነት አልነበረም፤ ኩራት ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሌላውን ሲያስተምር የኖረ ሰው ኩራት።

ወደ ሶዶ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለአማቻችን ቀስ ብዬ ነገርኩት፤ ፊልም ሳይታጠብ ብርሃን ካየ ምስሉ ይጠፋል። ደነገጠ። ድንጋጤው እስከሚቀጥለው ፌርማታ አልዘለቀም።

«አይዞዎት ጋሼ፣ እኔ ጋ ከአርባ በላይ አለ። እንኳን ፎቶ ሌላውም ሁሉ ዲጂታል እየሆነ ነው። በፍላሽ እሰጥዎታለሁ።»

እኔም አመንኩት። ማመኑ ቀላል ስለ ነበር አመንኩት። ፊልሙን ሳላጥበው ከቁጣዬ ጋር በጠረጴዛዬ መሳቢያ ቆለፍኩበት። ፍላሹን በየወሩ ጠየቅሁ፤ በየወሩ ግምገማ ነበረበት።

አባቴ በአራተኛው ወር፣ የበልጉ ዝናብ ሳያባራ ሞቱ። እኅቴ ስልክ ደውላ ነገረችኝ፤ ካለቀሰች በኋላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ነገር ፎቶው ነው። ወዲያው ወደ ባሏ ደወልኩ።

«ጋሼ… ካርዱ ሞልቶ ነበር። ትልቅ ሥልጠና ነበረብን፤ አዳራሹን አንሣ ተባልኩ። የድሮውን አጠፋሁት። ኮምፒዩተር ላይ የገለበጥኩት መስሎኝ ነበር።»

የድሮውን! አራት ወር። በታሪክ አስተማሪነቴ ስለ ጥፋት ብዙ አንብቤያለሁ፤ መዝገብ የሚያቃጥል ድል አድራጊ ነው፣ ሐውልት የሚያፈርስ ጠላት ነው ብዬ አስተምሬያለሁ። በአንድ ጣት፣ ያለ ክፋት፣ ለአዳራሽ ወንበሮች ቦታ ለመልቀቅ ሲባል አባት እንደሚጠፋ የሚያስተምር ምዕራፍ አልነበረኝም። ፊልም ደካማ ነው፤ ብርሃን ያሸንፈዋል፤ ይህን የደበቀ የለም። ዲጂታሉ ግን ምንም እንደማይጠፋ እየማለ ነው የሚያጠፋው። ቁጣዬ ከመሣሪያው ጋር ብቻ ቢሆን ባረፍኩ። አርባ ምስል ያለው ሰው አንድም እንደሌለው የማያውቅበት ዘመን ነው ያናደደኝ።

በለቅሶው ቀን ጉታራው በሰው ተሞላ። ከበዴሳ፣ ከቢጠና፣ ከሶዶ መጡ። ከሕዝቡ መሐል አማቻችን ፍሬም ይዞ ወጣ። ሌሊቱን በሶዶ ፎቶ ቤት ሲያሠራ አድሯል። የመታወቂያውን ፎቶ በኮምፒዩተር አሳድገውታል። ማኅተሙን አጥፍተውታል፤ ማኅተሙ ሲጠፋ አገጩም አብሮ ስለ ጠፋ ሌላ ለስላሳ አገጭ ሠርተውለታል። ከአንገት በታች ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ከረባት አልብሰዋቸዋል። ከጀርባቸው ፏፏቴና በወላይታ ምድር በቅሎ የማያውቅ አበባ። ያን ፍሬም የሠራውን ቤት አወቅሁት፤ የመጨረሻውን ፊልም የሰጠኝ ያው ቤት ነው። አባቴ በሕይወታቸው ከረባት አስረው አያውቁም። ሰው ግን «እንዴት አምሮባቸዋል» አለ። እኅቴ ፍሬሙን አቅፋ አለቀሰች። ባሏም ከልቡ አለቀሰ፤ ይህን መካድ አልችልም፤ ቢያስመስል ኖሮ ቁጣዬ የሚያርፍበት ቦታ ያገኝ ነበር።

ሸማኔው በዝግታ ቀረቡ። ዓይናቸው ደክሟል። ፍሬሙን ከላይ እስከ ታች አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«አባቴ ናቸው» አልኳቸው።

እንደገና አዩት። «ጋቢውስ?»

ለአባቴ እንደዋሸሁት ለእርሳቸው መዋሸት አልቻልኩም፤ እውነቱን መናገርም አልቻልኩም፤ አማቻችን ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ከፊታችን ቆሟልና። ስለዚህ በዚያው ጉታራ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም አልኩ። ዝምታዬም ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ።

ወደ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ መሳቢያውን ከፈትኩ። የመኝታ ክፍሌን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ በጠርሙስ የቀረችኝን የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት በጥብጬ፣ ከአራት ወር በፊት ማጠብ የነበረብኝን ፊልም አጠብኩ። ተስፋ አልነበረኝም። ነገር ግን ረስቼው የነበረ አንድ ነገር ነበር። በካሜራ ውስጥ ፊልም ሲነሣ በማጠንጠኛው ላይ ይጠቀለላል፤ መጀመሪያ የተነሣው ከሥር ይሆናል፣ የኋላው ከላይ ይለብሰዋል። ፀሐይ የመታችው የላዩን ነው። ከሥር ያለውን የላዩ ከልሎታል።

ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ ጭራውን ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። ከሃያ አንዱ ስምንቱ ተርፈዋል፤ ጠርዛቸው ቢቃጠልም ፊታቸው ይለያል። ከዘጠነኛው ጀምሮ እስከ ሃያ አንደኛው ጥቁር ነው፤ ከብት አርቢው፣ አምስቱ አንድ ላይ፣ ወደ ማሳቸው የሚያዩት አባቴ፣ ሁሉም። መጀመሪያ እንግዶቼ ብለው ነበር። እንግዶቻቸው ተረፉ፤ እርሳቸው ከላይ ሆነው ከለሏቸው።

ከረባት ያለው ፍሬም ዛሬም በእኅቴ ሳሎን ተሰቅሏል። በሄድኩ ቁጥር ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ፤ አማቻችን ወንበር ሲያቀርብልኝ ሁልጊዜ ወደዚያ ፊት ለፊት ነው፤ እኔም ሁልጊዜ አዞረዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ነግሬውም አላውቅም። እነሆ አሁን ጻፍኩት።

በስምንተኛው ምስል ላይ፣ ሸማኔው ከተቀመጡበት በስተግራ፣ ከተቃጠለው ጠርዝ ውስጥ የወጣ እጅ ይታያል። አንጓው ያበጠ፣ ጥፍሩ መሬት የያዘ፣ የሸማኔውን ጋቢ በትከሻቸው ላይ የሚያደላድል። በጊዜው «ዞር ይበሉልኝ» ብያቸው ሳይሰሙኝ መጫኔን አላስታውስም ነበር።

በዚያ ቀን በጉታራው ላይ ስምንት ነበርን። በፊልሙ ላይ የቀሩት ወንጌላዊው፣ ነጋዴውና ሸማኔው ናቸው፤ ሦስት ሰዎችና አንድ እጅ።