አቦይ ቀን አይረሱም ነበር

አቦይ የእናቴ አባት ናቸው። አስመራ ቃሓውታ ሰፈር ባለው ቤታችን ጠዋት ሻሂ ሲቀርብላቸው፣ ያ ቀን ድሮ ምን እንዳመጣ ሳይነግሩን አይቀምሱም ነበር። «ዛሬ እንግሊዝ አስመራ ገባ፤ ሌላ ዓመት በዚሁ ቀን አንበጣ ማሳችንን በላው» ይሉናል።

የኤርትራ ባንዲራ ወርዶ የኢትዮጵያ ብቻ በቀረ በዓመቱ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው አባቴ አንድ የፖሊስ መኮንን ምሳ ጋበዘ። መኮንኑ ብርጭቆውን አነሳና «አባባ፣ ለዛሬው ቀን ይጠጡ እንጂ» አላቸው።

«ዛሬ ጣልያን ወንድሜን ፎርቶ ምሽግ ላይ ገርፎ የገደለበት ቀን ነው» አሉ አቦይ። «አምና ደግሞ በዚሁ ቀን ባንዲራችን ወረደ። ኣይፋል ወደይ፣ አይሆንም ልጄ፣ አልጠጣም።»

መኮንኑ ሳቀ። «እንግዲያው ሦስተኛ ነገር እንጨምርበታለን» አለ። ምሳውን ተረጋግቶ ጨረሰና ይዟቸው ሄደ። አባቴ መኮንኑን እስከ በር ሸኘው።

አቦይ ሲለቀቁ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። ጠዋት ሻሂያቸውን ዝም ብለው ይጠጣሉ። ምነው ብዬ በምልክት ብጠይቃቸው «አባትሽ ባለበት ቤት ቀን አልጠራም» አሉኝ።

በዚያው ክረምት አረፉ። መኮንኑ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ማንም ደፍሮ ያልተቀመጠበት የአቦይ ወንበር ብቻ ባዶውን ቆሟል። አባቴ ብድግ ብሎ ወንበሩን በእጁ ጠረገና መኮንኑን አስቀመጠው።