አሜን ሊባል ሲል የሚደርቀው ምርቃት

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ሞጣ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ የተመረቀችውን ምርቃት ሙሉውን ሳትሰማ ለቀዶ ሕክምና እንዳትገባ ስለ ሰጋሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት እዚህ ቢቸና ንስሓ አባታችንና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መረቋት። እኔም በስልኬ ቀርጬ በቤተ ዘመዳችን ገጽ ላይ አወጣሁት።

ብዙም ሳይቆይ ደወለች።

«አንተ፣ ምንድን ነው ያወጣኸው? አሜን ልል አፌን ስከፍት አባ ደርቀው ይቀራሉ!»

«እትዬ፣ ኔትወርኩ ይሆናል።»

«የምን ኔትወርክ? አውርጄው ነው የማየው! አሜን ያላልሁበት ምርቃት እንዴት ይደርሰኛል?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ምርቃት ማሳነስ ነውር መስሎኝ፣ ቪዲዮውን በትልቁ መጠንና በአዲሱ የመጭመቂያ ዘዴ አስቀምጬዋለሁ። የእርሷ አሮጌ ስልክ ደግሞ እንዲህ የተጨመቀውን ቶሎ ቶሎ ፈትቶ ማሳየት አይችልም።

አሁን ኮምፒውተሬ በቀድሞው ዘዴ እያሳነሰው ነው። እቀመጣለሁ፣ ተነሥቼ አያለሁ፤ ፈቀቅ አላለም። ሲጨርስስ በእርሷ ስልክ ለመከፈቱ ምን ዋስትና አለኝ?

ይህን መሰል ነገር ገጥሟችሁ የተሳካላችሁ ሁሉ፣ በአሮጌ ስልክ ሳይቆራረጥ የተከፈተላችሁ በየትኛው ዘዴና መጠን እንደ ሆነ ንገሩኝ። በቃል የተነገረኝን ቁጥር ስለማምታታ፣ በጽሑፍ ይሁን።

ሐሙስ ጠዋት ትገባለችና፣ መልሳችሁን እስከ ረቡዕ ቀትር እጠብቃለሁ።