የወንድም ዓይኖች በስክሪን ጥግ

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ «ፔንግዊኑ» ይሉታል። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩበት ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ምልክቱ ፔንግዊን ነው፤ እሱም ያንኑ ስዕል የለጠፈበትን ቦርሳ ከጀርባው አያወርድም። ይህ ጨዋው ምክንያት ነው። ጨዋ ያልሆነው ደግሞ፣ ሲራመድ እጆቹ ከጎኑ አይላቀቁም። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። አላገባም። ለምን እንዳላገባ አራት ዓይነት ወሬ አለ፤ አራቱንም ሰምቻለሁ፤ አንዱም አያጠግብም፤ እንለፈው።

ሥራው የቤተ መጻሕፍቱን ሃያ ሁለት ኮምፒውተሮች በሕይወት ማቆየት ነው። ምድር ቤት ውስጥ መስኮት የሌላት ክፍል አለችው። ወንበሯ አንድ ናት። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጠው የወረቀት ካርቶን ላይ ነው፤ ካርቶኑም እስከ ዛሬ አልጎበጠም።

በዚያ ዓመት ሥራ በዛበት። ኮምፒውተር ስትከፍቱ የምታዩት ሁሉ፣ መስኮቱም፣ ምልክቶቹ የተደረደሩበት መስመርም፣ የጀርባው ስዕልም፣ ዴስክቶፕ ይባላል። ከዴስክቶፑ ሥር ደግሞ ኤክስ የሚባል አሮጌ የማሳያ ሥርዓት አርባ ዓመት ሙሉ መስኮት ሲስልና ማውስ ሲከተል ኖሯል። አሁን የዴስክቶፖቹ ሠሪዎች አንድ በአንድ «ከእንግዲህ በቃን» እያሉ፣ ዌይላንድ ወደሚባለው አዲስ ሥርዓት ጓዛቸውን ጠቅልለው እየገቡ ነው። ፔንግዊኑም የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒውተሮች በቀን ሁለት ሁለት እያደረገ ያሻግር ጀመር።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሰው ጉዳይ የማያልፋቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን ከኋላው ቆመው፣

«አሮጌው ምን አጠፋ?» አሉት።

«ወሬኛ ነው፣ እትዬ።»

«እንዴት ያለ ወሬኛ?»

«አንዱ ፕሮግራም መጥቶ፣ እዚያኛው መስኮት ውስጥ ምን አለ ቢለው ያሳየዋል። ምን እየተጻፈ ነው ቢለው ይነግረዋል። የማውሱ ቀስት የት ደረሰ ቢለው ይነግረዋል። አጥር የሌለው ግቢ በሉት፣ ሁሉም የሁሉንም ድስት ከፍቶ ያያል። አዲሱ ግን ለእያንዳንዱ በር ገጥሞለታል። ከክፍልህ ውጭ ያለውን አታይም፣ አለቀ።»

«እኔም ወሬኛ ነኝ። ልትቀይረኝ ነው?»

«ለእርስዎ ምትክ አልተሠራም።»

ኃላፊዋ ስቀው ሄዱ። እሱ ግን አልሳቀም። እነዚያን ሁሉ ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ ያሻገረ ሰው፣ ቤቱ ያለውን የራሱን ኮምፒውተር ንክች አላደረገም ነበር። «አፕዴት ላድርግ?» የምትለዋን መልእክት በየሳምንቱ ይዘጋታል። ምክንያቱ በስክሪኑ የቀኝ ጥግ፣ ከላይ የተቀመጡ ሁለት ዓይኖች ናቸው።

ነገሩ የድሮ የኤክስ መጫወቻ ነው። ሁለት ነጭ እንቁላሎች፣ በውስጣቸው ጥቁር ብሌን፤ ማውሱ ወደሄደበት ዓይኖቹ ይዞራሉ። ሰው አንድ ቀን ይስቅበትና ይዘጋዋል። የፔንግዊኑ ዓይኖች ግን የሱን ማውስ አይከተሉም። ከከተማው ማዶ ያለውን የታላቅ ወንድሙን ማውስ ነው የሚከተሉት።

ታላቅየው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ቀሩ፤ ፔንግዊኑ ኮምፒውተር አስገባላቸው፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሌላ ሰው የማይገባበት የተቆለፈ የኢንተርኔት መስመር ዘረጋ፣ «ጋሼ፣ ዓይኖቹ ሲንቀሳቀሱ ደህና መሆንህን አውቃለሁ» አላቸው።

«አንተ ብቻ እኔን ልታየኝ? እኔ እስረኛ ነኝ?»

ስለዚህ በሁለቱም በኩል ሆነ። የታናሽየው ማውስ እዚያ፣ የታላቅየው ማውስ እዚህ። ያን ዕለት ወንድሙን አንድ ሌላ ነገርም አስተምሯቸዋል፤ «ኮምፒውተሩ የሚጠይቅህን ሁሉ እሺ በለው።» ለሰው እሺ ብለው የማያውቁ ሰውዬ ለማሽኑ እሺ ማለትን ለመዱ።

ከዚያ ተኳረፉ። የመምህሩ የጡረታ ስንብት ላይ ነው፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ባሉበት። ታናሽ ወንድም ይናገር ተባለና ፔንግዊኑ ማይኩን ያዘ፤ «ይህ ሁላችሁንም ካርታ ያስተማረ ሰው ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማረው፤ መንገዱ ጠፍቶበት» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። በቃ። ይህን ያህል ነው። ሰው በሌላ ነገር ይመስለዋል፣ በመሬት፣ በሴት፤ እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ ከነበረ ሰው ነው የሰማሁት።

ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። ዓይኖቹን ግን አንዳቸውም አልዘጉም።

ፔንግዊኑ ጠዋት ሻዩን አፍልቶ፣ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዓይኖቹ ይነቃሉ። መምህሩ ካርታ ይሥላሉ፤ የከተማዋን መንገድ በሙሉ፣ ከነጉድጓዱ። ታናሽየው ከብሌኖቹ አካሄድ ብቻ ሁሉን ማንበብ ለምዷል። ቀስ እያሉ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ወንዝ ነው። አጠር አጠር እያሉ ሲዘሉ ሰፈር ነው። ወዲህ ወዲያ ሲወራጩ ተሳስተው እየሰረዙ ነው፤ ያኔ «አይ ጋሼ» ብሎ ለብቻው ይስቃል። እራቱን ሲበላ ሳህኑን ወደ ስክሪኑ ዞር አድርጎ ነው። በቀን ውስጥ ከሥራ ውጭ የሚያየው ፊት ይህ ነበር፤ አፍ የሌለው፣ አፍንጫ የሌለው።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ዓይኖቹ አልነቁም። ወደ ግራ ታች ጥግ እንዳፈጠጡ ቀሩ። ሦስት ሰዓት። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመስመሩ ገብቶ የወንድሙን ማሽን ጠየቀው፤ ማሽኑ መለሰ። ትናንት ማታ አፕዴት ተደርጓል። አሮጌው ሥርዓት የለም፤ አዲሱ ገብቷል።

ቁጭ ብሎ አሰበ። ማሽኑ በርቷል። ግን ሰውዬው ማታ እሺ ብለው ከዚያ በኋላ ወድቀው ቢሆንስ? አዲሱ ሥርዓት የማውሱን ነገር ለማንም አይተነፍስም። ከዛሬ ጀምሮ ወንድሙ ይኑሩ ይሙቱ፣ እነዚህ ዓይኖች አንድ ዓይነት ናቸው። በሌላ በኩል የሱ ማሽን ገና አሮጌው ላይ ነው፤ ወንድሙ በሕይወት ካሉ የእሱን ማውስ አሁንም ያያሉ። ማውሱን ይዞ በክብ ማዞር ጀመረ። አዞረ፣ አዞረ፤ ክንዱ እስኪዝል። የሚመልስ የለም።

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። አርባ ደቂቃ በእግር ነው። መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ንግግር ሲያዘጋጅ ሄደ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጣለው፤ በየመካከሉ ቀልድ እየገባበት።

በሩን መምህሩ ራሳቸው ከፈቱ። እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም። ዓይኖችህ ቆሙብኝ፣ ጋሼ።»

«የኔዎቹ ይሠራሉ። ጠዋት ማውሱን እንደ ወፍጮ ስታዞር ነበር። በጠዋቱ ሰከረ ወይ ብዬ ነበር።»

«አይተህ ዝም አልክ?»

«ማን ዝም አለ? እኔም አዞርኩልህ። ሦስት ጊዜ አዞርኩ። አልመለስክም። እንግዲህ ናቀኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

ፔንግዊኑ በሩን ተደገፈ። ስድስት ዓመት ጠብቆ፣ ወንድሙ አናገሩት፤ እሱ አላየም።

ገባ። ክፍሉ ያው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን። የራሱን ቤት በሰው ቤት ያየ መሰለው። መምህሩ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከቱ፤

«አሮጌውን መልሰው።»

«አይመለስም። የዴስክቶፑ ሠሪዎች ትተውታል። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን እንዳይሰልል ብለው።»

«ትክክል ናቸው። ተማሪዎቼ ቢሆኑ ዘጠና ከመቶ እሰጣቸው ነበር።»

«አሥሩስ?»

«አሥሩን ስለ እኔና ስላንተ ስላልጠየቁ ቀነስኩ።»

ሳቁ መጣ ሲል ቀረ። ፔንግዊኑ የመጣበትን ነገር ጀመረ፤

«ጋሼ፣ ያን ቀን…»

«ታምሜ ነው ስምንተኛን የደገምኩት።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ?»

«ያስቃል ብዬ ነው።»

«አስቋል» አሉ መምህሩ። ከዚያ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ቀረጹት፤ ቀረጹት፤ እስኪያልቅ የሚቀርጹት ይመስል ነበር። «በል፣ ሥራ አለኝ» አሉ በመጨረሻ። ይቅር አላሉም። ተመልሰህ ና አላሉም። በሩን ግን እሱ የመንገዱን ጥግ እስኪዞር ድረስ አልዘጉትም፤ ይህን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሁለት ጊዜ።

ቤቱ ሲደርስ ዓይኖቹ እንዳፈጠጡ ናቸው። አንድ እሑድ ቢሠራ፣ በአዲሱም ቢሆን ዓይኖቹን የሚያነቃ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ይችላል። ሙያው ነው። ወንበሩን ሳበ፣ ሁለት መስመር ጻፈ። ከዚያ አሰበው፤ ዓይኖቹ ይነቃሉ፣ ሻዩን ያፈላል፣ ወንዙን ያነባል፣ ሌላ ስድስት ዓመት። ወንድሙ ደግሞ እዚያ ሆነው የሱን ማውስ ያያሉ፣ ደህና ነው ብለው ዝም ይላሉ። ምን አስጨንቋቸው ይደውላሉ?

ሁለቱን መስመር አጠፋቸው። «አፕዴት ላድርግ?» የምትለዋ መልእክት ስትመጣ፣ እሺ አላት። አሁን እሱም አያይ፣ እሳቸውም አያዩ። በዓለም ላይ ደህንነቱን የሚከታተል አንድ ሰው ነበረው፤ ያንን ሰው በገዛ እጁ ጋረደው። ያንን ምሽት ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ በላ።

እሑድ ማንም አልደወለም። ሰኞ ማንም። ማክሰኞ ምድር ቤት ካርቶኑን እያየ ሲሳሳት ዋለ፤ ኃላፊዋ «አመመህ?» ቢሉት «ደህና ነኝ» አለ፣ የጠየቀው ወንድሙ ባለመሆኑ እየከፋው።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሞተሃል?»

«ኧረ አልሞትኩም፣ ጋሼ።»

«ዓይኖችህ ከቅዳሜ ጀምሮ ቆመዋል።»

«አፕዴት አደረግሁት።»

«ሆን ብለህ ነው?»

«ሆን ብዬ ነው።»

«ተንኮለኛ» አሉና ዘጉት።

ሐሙስ በዚያው ሰዓት ደወሉ። «ዛሬስ?» «አለሁ።» «እሺ።» ዓርብ፣ «ዛሬስ?» «አለሁ።» ስልኩ ላይ ተጽፏል፤ አሥራ አንድ ሰከንድ። ፔንግዊኑ ከዘጉ በኋላም ስልኩን ጆሮው ላይ ትንሽ ያቆየዋል።

ቅዳሜም ደወሉ፣ እሑድም ደወሉ። እሑድ ግን ከመዝጋታቸው በፊት፣ «ሁሌ እኔ ነኝ እንዴ የምደውለው? ነገ አንተ ደውል» አሉ።

ወዲያውኑ ለኃላፊዋ ስልክ መታ። «እትዬ፣ ነገ አንድ ግማሽ ሰዓት እዘገያለሁ።»

«ምን ገጠመህ?»

«ስልክ የምደውለው አለኝ።»

«ግማሽ ሰዓት የሚወራ ምን አለህ አንተ?»

«እንጃ» አለ ፔንግዊኑ። «ምናልባት የሚወራ ከተገኘ።»